ስንተኛ ቀንዎ ነው? «በቆላ ሸዋ አዲስ በሽታ የለም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጽሑፉን የላከችልኝ ደብረ ብርሃን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። «አንተ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ስታይ ነው የምትውለው፤ እስቲ ይኸንንም እየው» ብላ ነው የላከችው። «በቆላ ሸዋ አዲስ በሽታ የለም» የሚል ርዕስ ያለው፣ አማርኛው ያማረ፣ እዚህም እዚያም ፈገግ የሚያሰኝ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊውን በስም አልጠራቸውም። ጠቤ ከጻፉት ጋር እንጂ ከሳቸው ጋር አይደለም።

የጽሑፉ ሐሳብ ሲጨመቅ ይህን ይመስላል። ደንጊ የተባለው ትኩሳት የድሬዳዋና የአፋር እንጂ የሸዋ በሽታ አይደለም። ቢጫ ወባም ቢሆን ስሙ እንደሚለው የወባ ዓይነት ነው። በእኛ ቆላ ትኩሳት የያዘው ሰው ወባ ይመርመር፤ ወባ ካልተገኘበት ታይፎይድ ነው። ደንጊ ነው ቢባል እንኳ መድኃኒት ስለሌለው ምርመራው ገንዘብ ማባከን ነው። ትኩሳቱ ከለቀቀው ሰውየው ድኗል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የፕሌትሌት ማነስ ካስፈራ የፓፓያ ቅጠል አለ። ትንኙን በተመለከተ ደግሞ ረግረጉን ማድረቅና አጎበር መስቀል ይበቃል። ጽሑፉን የዘጉት በራሳቸው ምስክርነት ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ አነሣዋለሁ።

እውነት ያሉትን ላስቀድም። በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬ ወይም በጀውሃ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው መጀመሪያ መመርመር ያለበት ወባን ነው። ወባ ቶሎ የሚገድል፣ ቶሎ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት የሚድን በሽታ ስለሆነ ተራውን ለማንም አይለቅም። እኔም እዚህ ወረርሽኝ ገብቷል ለማለት አይደለም የተነሣሁት። ያነሣሣኝ ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስለ ምርመራ ወረቀት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ቀን ግን አንዲት ቃል የለችም። እንደ ደንጊ ያሉ በትንኝ የሚተላለፉ የቫይረስ በሽታዎች ደግሞ የቀን ነገር ናቸው። ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ያልቆጠረ ሰው፣ በእጁ የያዘው ወረቀት ምን እንደሚል ማንበብ አይችልም።

«የድሬዳዋ በሽታ ነው»

ደንጊ በሀገራችን በወረርሽኝ መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ መሆኑን ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል። ታሪኩን ግን እዚያው ላይ አቆሙት። ከድሬዳዋ በኋላ በሶማሌ ክልል ጎዴ ታየ። በዚያችው ትንኝ የሚተላለፈው የቅርብ ጓዱ ቺኩንጉንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ዶሎ አዶ ገባ፤ በ2019 ደግሞ ድሬዳዋ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። በ2023 ደንጊ ሎጊያና ሚሌ ደረሰ። እነዚህን ከተሞች በካርታ ላይ ያገናኘ ሰው የሚያየው የመኪና መንገድ ነው።

ትንኟ የክልል ወሰን አታውቅም፤ የምታውቀው ሙቀትና ውሃ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት። ሸዋ ሮቢትም 1,300 ሜትር ግድም ላይ ናት። ጣርማ በር ላይ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ መንገደኛ ደብረ ሲናን አልፎ ሮቢት ሲወርድ የሸሚዙን ቁልፍ የሚፈታው በከንቱ አይደለም። ትንኟ ራሷ በዕድሜዋ ከተፈለፈለችበት ግቢ ከጥቂት መቶ ሜትር አትርቅም። ሩቅ አገር የሚያደርሷት እንቁላሏ የተጣበቀበት አሮጌ ጎማና በደሙ ውስጥ ቫይረሱን የያዘ ሰው ናቸው። ሚሌ ላይ ሰኞ የተነደፈ ሾፌር ሕመሙ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ሮቢት አድሮ፣ አዲስ አበባ ጭነቱን አራግፎ ሊመለስ ይችላል።

ደብረ ብርሃንስ? በ2,800 ሜትር ብርድ ይህች ትንኝ አትሰለጥንም። በሽተኛው ግን ይደርሳል። ማሾ ለመልቀም፣ ሽንኩርት ለመንቀል ከመንዝ ወደ ቆላ የሚወርደው ጎልማሳ ትኩሳቱ የሚነሣበት ብዙ ጊዜ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ደጋ ላይ ያለ ሐኪም «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት ነበርክ?» ብሎ ካልጠየቀ ምላሹን ከየትም አያገኘውም። ደጉ ነገር፣ «ቆላ ወርዶ ነበር» የሚለው ቃል በእኛ አገር ከጥንት ጀምሮ ግማሽ ምርመራ ነው። ችግሩ ቃሉን የሰማ ሁሉ ሐሳቡ ወባ ላይ ቆሞ መቅረቱ ነው።

ስለ ቢጫ ወባ በአጭሩ። አማርኛችን እዚህ ላይ አሳስቶናል። ቢጫ ወባ ወባ አይደለም፤ እንደ ደንጊ በቫይረስ የሚመጣ፣ የደንጊ የቅርብ ዘመድ ነው። የወባ መድኃኒት አይነካውም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው 100,000 ያህል ሰው ይዞ 30,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በአንጻሩ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል የአንድ ጊዜ ክትባት አለው። ስሙን ከፊደሉ ተነሥተው የተረጎሙት ጸሐፊ ይህን ቢያክሉበት ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ።

«ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው»

በዚህች ዐረፍተ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እንጀራዬ ናትና።

የወባ ፈጣን ምርመራ፣ እኛ አርዲቲ የምንለው፣ የወባ ተሕዋስያን የሚያመነጩትን ፕሮቲን ፈልጎ ሲያገኝ መስመር ያወጣል። ከጣት አንድ ጠብታ ደም፣ ከዚያ ፈሳሹ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው። አንድ መስመር ብቻ፣ ማለትም ካርዱ መሥራቱን የሚያሳየው መስመር ብቻ፣ ከወጣ ካርዱ የሚለው «የተጠየቅኩትን ፕሮቲን አላገኘሁም» ነው። ታይፎይድ ነው አላለም፤ ስለ ደንጊም አልተጠየቀም። ሁለት መስመር ሲወጣም ጣጣ አለው። የወባው ተሕዋስ በመድኃኒት ከሞተ በኋላ አንደኛው ፕሮቲን ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። ከሦስት ሳምንት በፊት ወባ ታክሞ የዳነ ሰው ዛሬ በደንጊ ቢተኛ፣ ካርዱ አሁንም «ወባ» ሊል ይችላል። ሐኪሙም ወባውን ደግሞ ያክማል፤ ደንጊውም ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱ አብረው የሚይዙት ሰውም አለ።

ማይክሮስኮፑ ይሻላል። ደሙ ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በጊምሳ ቀለም ይነከርና በዘይት ሌንስ ይታያል። «ወባ የለም» ለማለት ቢያንስ 100 መስክ (በሌንሱ አንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ቦታ) መታየት አለበት። ረፋድ ላይ አርባ ሰው ኮሪደሩን ሞልቶት ሳለ መቶውን መስክ ሳይሰለች የሚቆጥር የሙያ ባልደረባ ካለ እጁን እስማለሁ። እኔ ሁልጊዜ አድርጌዋለሁ ብዬ አልምልም።

አሁን ወደ ታይፎይዱ። በየክሊኒኩ «ታይፎይድ» የሚባለው ነገር በአብዛኛው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ውጤት ነው። ምርመራው እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረ አዛውንት ነው። አሠራሩን ያላያችሁ እንድታዩት ልንገራችሁ። ከታማሚው ሴረም አንድ ጠብታ ነጭ ሰሌዳ ላይ ይደረጋል። ሰማያዊ ወይም ቀይ የተቀባው የባክቴሪያ ጠብታ ይጨመርበታል። በእንጨት ስንጥር ይደባለቅና ሰሌዳው በእጅ ወዲያ ወዲህ ይባላል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በደንብ እንዳልተበጠበጠ በሶ ከቋጠረ «ፖዘቲቭ» ተብሎ ይጻፋል።

ያ መቋጠር የሚያሳየው ሰውነት አንድ ቀን የሠራውን መከላከያ ነው። ዱካውን እንጂ አውሬውን አያይም፤ ዱካው ደግሞ የዓምናም ሊሆን ይችላል፤ ሌላ እንስሳ የረገጠውም ሊሆን ይችላል። ታይፎይድ በበዛበት አገር ጤነኛ የሆነ ብዙ ሰው ፖዘቲቭ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሥራ ቀዝቅዞ ሳለ የራሴን ደም መረመርኩ፤ 1 ለ160 ወጣልኝ። በዚያ መለኪያ ከሆነ የተኛሁ ታማሚ መሆን ነበረብኝ፤ ጥብስ በልቼ ነበር የተመረመርኩት። ዊዳል አንዳች ነገር እንዲናገር ከተፈለገ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተለክቶ መጠኑ በአራት እጥፍ ማደጉ መታየት አለበት። ትክክለኛው ማስረጃ ባክቴሪያውን ከደም ማብቀል ነው። ይህን የሚያደርግ ቤተ ሙከራ በየወረዳው የለም፤ ስለዚህ ሁላችንም በሶውን እያየን እንፈርዳለን።

በሕዝቡም አልፈርድም። ሦስት ሰዓት ተሰልፎ፣ ከፍሎ፣ «ወባ የለብህም» ተብሎ ባዶ እጁን መሄድ የሚወድ ሰው የለም። ስም ይፈልጋል። «ታይፎይድና ታይፈስ» ከተባለ ልቡ ያርፋል፤ ባለሙያውም ይገላገላል። ስንቱን ወረቀት በዚህ መንገድ እንደፈረምኩ ሳስብ አፍራለሁ።

ከወረቀቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ትኩሳቱ እንዴት እንደጀመረ ነው። ታይፎይድ ቀስ በቀስ፣ በቀናት ውስጥ እየወጣ የሚሄድ ትኩሳት ነው፤ ታማሚው መቼ እንደጀመረው በትክክል ለመናገር ይቸገራል። ደንጊ የያዘው ሰው ግን ሰዓቱን ይነግራችኋል። «ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሲሚንቶ እያወረድኩ» ይላል። በአንድ ጊዜ የሚነድ ትኩሳት፣ ከዓይን ኳስ ጀርባ የሚወጋ ሕመም፣ ወገብና አጥንት የሚሰብር ቁርጥማት ነው፤ አንዳንዱ ላይ ሽፍታ ይወጣል። በቺኩንጉንያ ደግሞ መገጣጠሚያው ይብሳል። ስሙ ራሱ ከታንዛኒያው የማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ጎብጦ መቅረትን ያመለክታል። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1952 እዚያ ሲታወቅ ሰዎቹ ከሕመሙ የተነሣ ቀና ብለው መሄድ አቅቷቸው ነበር። ትኩሳቱ በሳምንት ቢለቅም ቁርጥማቱ ወራት ሊቆይ ይችላል። ሲቢሲ የሚባለውን የደም ቆጠራ ማሠራት ለቻለ ደግሞ በደንጊ ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ፤ ከ150,000 መውረድ የሌለበት ፕሌትሌትም ከ100,000 በታች ሊወርድ ይችላል። በርግጥ ወባም ፕሌትሌት ያወርዳል። ለዚህ ነው አንድ ወረቀት ብቻውን የማይበቃው።

በነገራችን ላይ፣ የእኛ እናቶች ለትኩሳት ሁሉ «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ ሲጨምቁ እንስቃለን። እነሱ አንድ ስም ለሁሉ ሰጡ፤ እኛ ሁለት ስም ሰጥተን ገንዘብ ተቀበልን።

«መድኃኒት ከሌለው ለምን ይመረመራል?»

ይህ ከሁሉ የበለጠ አሳማኝ የሚመስለው ነጥባቸው ነው። ደንጊን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሽታውን ማወቅ የሚጠቅመው የሚሰጠውን ለመምረጥ ብቻ ሳይሆን የማይሰጠውን ለማወቅም ነው። በቆላው መንገድ ዳር አጥንቱን እየቆረጠመው የመጣ ሰው «መርፌ ውጉኝ» ይላል፤ የሚወጋው ዲክሎፌናክ ነው። ዲክሎፌናክ፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን በደንጊ በተያዘ ሰው ላይ መድማትን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል በልኩ፣ ብዙ ፈሳሽና ዕረፍት፣ ይኸው ነው ሕክምናው። «መድኃኒት የለውም» ብሎ ምርመራውን ያስቀረ ሰው፣ ያንን መርፌም ሊያስቀር የሚችለውን አንድ ወረቀት አብሮ አስቀርቷል።

እዚህም ቀን አለ። ኤንኤስ1 የሚባለው የደንጊ ምርመራ የቫይረሱን ፕሮቲን ስለሚፈልግ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ግድም ነው። የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአርም የሚያዘው በእነዚያው ቀናት ነው። አይጂኤም የተባለው መከላከያ ደግሞ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ቀን በፊት ብዙ ጊዜ አይታይም። በሁለተኛው ቀን አይጂኤም ተመርምሮ «ነጌቲቭ» የተባለ ሰው ደንጊ የለበትም ማለት አይደለም፤ ጥያቄው የሚቀርብበት ቀን ገና አልደረሰም ነበር። በስምንተኛው ቀን ኤንኤስ1 ለጠፋበትም እንደዚሁ። ፖዘቲቭ ሲወጣም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የደንጊ መከላከያ ከቢጫ ወባ መከላከያ ጋር ስለሚመሳሰል ምርመራው ሊያምታታቸው ይችላል። ለዚህ ሲባል ጥርጣሬ ያለበት ናሙና በቀዝቃዛ ሳጥን አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። በወረርሽኝ ጊዜ ይህን የሚያረጋግጠው እሱ ነው።

በናሙና መላኪያው ቅጽ ላይ «ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን» የሚል ባዶ መስመር አለ። ባዶውን የሚላክ ቅጽ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ትኩሳቱ ከለቀቀው ድኗል»

ጽሑፉን እንደ ቀልድ እንዳላልፈው ያደረገኝ ይህ ነው። ሰው ይገድላል።

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አንድ የከባድ መኪና ረዳት ወደምሠራበት ጤና ተቋም መጣ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ከሎጊያ ነው የመጡት። ትኩሳቱ የጀመረው እዚያ ሳለ ነው፤ በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ያለ አንድ ክሊኒክ ገብቶ ወባ የለብህም፣ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተብሎ ዲክሎፌናክ ተወግቶ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ተሸክሞ ወጥቷል። እኛ ዘንድ የደረሰው በአምስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ሙቀቱ 37። «ተሽሎኛል፤ ሆዴን ብቻ ነው የሚቆርጠኝ» አለ። ሾፌሩ ውጭ ጥሩምባ ይነፋል። ልጁ በአፉ ጥርስ መፋቂያ ይዟል፤ ሲያወጣው ጫፉ ቀይ ነው።

ያየችው ነርሷ ናት። «ሾፌሩ መኪናውን ያጥፋ» አለች መጀመሪያ። የደም ግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠቀለለችና በላይኛውና በታችኛው ግፊቱ መካከል ላይ አምስት ደቂቃ ያዘችው። ስትፈታው ከክርኑ በታች ቀይ ጤፍ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። በእስክሪብቶ በየጎኑ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል የሆነ አራት ማዕዘን ሠርታ በውስጡ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጠረች፤ ሃያ ሦስት። አሥር ሲሆን ነው የሚያጠራጥረው። ይህ ምርመራ ብቻውን ደንጊን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ኪት አይጠይቅም፤ የግፊት መለኪያ ያለው ጤና ኬላ ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ደሙን እኔ አየሁት። ፕሌትሌቱ 38,000፤ ሄማቶክሪቱ፣ ማለትም ከደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሳቱ ድርሻ በመቶኛ፣ 54።

ከሁለቱ ቁጥሮች ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ነው። በደንጊ አስጊው ጊዜ የሚጀምረው ትኩሳቱ ሲለቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ውስጥ፣ ለ24 እስከ 48 ሰዓት። የደም ሥሮች ግድግዳ እንደ ወንፊት ይሆንና የደሙ ውሃ ወደ ሆድና ወደ ደረት ይንጠፈጠፋል። ሥር ውስጥ የሚቀረው ደም ይወፍራል፤ ሄማቶክሪቱ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሰውየው ትኩሳት የለውም፤ ይቀመጣል፤ ያወራል። ከዚያ እጁ ይቀዘቅዛል፤ ግፊቱ ይወርዳል። ቤተሰቡ «ተሽሎት ነበር እኮ» የሚለው ስለዚህ ሰዓት ነው።

ሾፌሩን ለማሳመን ግማሽ ሰዓት ወሰደብን። «ትኩሳቱ ለቆታል ካላችሁ ምን ቀረ?» ይላል፤ ልክ እንደ ጸሐፊያችን። ጭነቱን ይዞ ሄደ፤ ልጁ ቀረ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በልክ፣ በየጥቂቱ ሰዓት ደሙ እየታየ ተሰጠው። በሁለተኛው ቀን ማታ ሄማቶክሪቱ 44 ሆነ። ሽንቱ መጣ፤ ራበኝ አለ። ያኔ ነርሷ ፈሳሹን ዘጋች፤ የተንጠፈጠፈው ፈሳሽ ወደ ደም ሥር መመለስ ሲጀምር ተጨማሪ መስጠት ሳንባን ያጥለቀልቃል። መቼ እንደሚከፈትም መቼ እንደሚዘጋም የሚያሳውቀው የቀኑ ቆጠራ ነው። ናሙናውን አዲስ አበባ ልከን ነበር። ደንጊ የሚል መልስ ሲመጣ ልጁ ሄዷል።

እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ቫይረሱ ከገባባቸው አራት ሰዎች የሚታመመው አንድ ያህሉ ነው፤ ከታመሙት ሃያ ሰዎችም አንዱ ግድም ነው የሚጸናበት። የጸናበትም ቢሆን በወቅቱ በደንብ ከታከመ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። ስለዚህ ሽብር አያስፈልግም፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። የሚያስፈልገው ትኩሳቱ በለቀቀበት ቀን በሽተኛውን ብቻውን ትቶ ገበያ አለመሄድ ነው። ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ የሽንት መቅረት ከታየ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል ነው።

የፓፓያው ነገር ከዚሁ ጋር ይሂድ። ሮቢት ፓፓያ ሞልቷታል፤ ቅጠሉን የጨመቀ ጎረቤትም አለኝ። ፕሌትሌት ግን አስጊው ጊዜ ሲያልፍ በራሱ ይወጣል። በስድስተኛው ቀን ቅጠል ጠጥቶ በስምንተኛው ፕሌትሌቱ ያደገለት ሰው ውሃ ቢጠጣም ያድግለት ነበር። ደግሞ ሰውን የሚጥለው በዋናነት የፈሳሹ መንጠፍጠፍ ስለሆነ፣ ፕሌትሌቱን ብቻ እያየ የሚጨነቅ ሰው ዓይኑን የተሳሳተ ቁጥር ላይ ተክሏል።

«ረግረጉ ይድረቅ፤ አጎበር ይሰቀል»

ለወባ መልካም ምክር ነው። የደንጊዋ ትንኝ ግን ሌላ ናት። ኤደስ ኢጂፕታይ ትባላለች፤ ጥቁር ሆና እግሯ ላይ ነጫጭ ቀለበቶች አሏት። ረግረግ አትወድም። የምትወደው በየግቢያችን ያለውን ንጹሕ ውሃ ነው፤ ክዳን የሌለው በርሜል፣ አፉ የተከፈተ ሮቶ፣ ጎማ ጠጋኙ ደጅ ላይ የከመረው ጎማ ውስጥ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ። የምትነክሰው ቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት። ያን ጊዜ አጎበር ውስጥ ማን አለ? የታመመው ሰውና የተኛ ሕፃን ብቻ። ስለዚህ አጎበሩን አትጣሉት፤ በሽተኛውን ቀንም ከሥሩ አስተኙት። በመጀመሪያዎቹ የትኩሳት ቀናት ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ስላለ፣ እሱን የነከሰች ትንኝ ናት ከሳምንት ተኩል ግድም በኋላ ጎረቤቱን የምታሳምመው።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው «ውሃ አታጠራቅም» ማለት ቀልድ ነው። መክደን ግን ይቻላል። ከእንቁላል እስከ ትንኝ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ በርሜል በሳምንት አንድ ቀን መገልበጥ አለበት። መገልበጥ ብቻውንም አይበቃም። እንቁላሉ ከውሃው ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ደርቆም ለወራት ሳይሞት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። በብሩሽ ወይም በሸካራ ጨርቅ መፈግፈግ ነው መላው። ከወር በፊት የራሴን ግቢ በርሜል ክዳን አንሥቼ በእጅ መብራት ሳየው ጭራቸውን እየቆለመሙ የሚጠልቁ እጮች አየሁ። የጤና ባለሙያ ቤት ነው እንግዲህ።

የጸሐፊው ምስክርነት

ጽሑፋቸውን የዘጉት እንዲህ ብለው ነው፦ ባለፈው ጥቅምት ሮቢት ደርሰው ሲመለሱ ትኩሳት ያዛቸው፤ ተመርምረው ታይፎይድ ተባሉ፤ መድኃኒቱን ወሰዱ፤ በሳምንታቸው ተነሡ። «እኔ ሕያው ማስረጃ ነኝ» ይላሉ።

እንኳን ተነሡ። ነገር ግን ደንጊ የያዘው አብዛኛው ሰውም በሳምንቱ ነው የሚነሣው፤ ክኒን ቢወስድም ባይወስድም። በስንተኛው ቀን እንደተመረመሩ አልጻፉም፤ ትኩሳቱ ቀስ ብሎ ይሁን በአንድ ጊዜ እንደጀመራቸው አልጻፉም፤ ሮቢት የሰነበቱበት ግቢ በርሜል ይኑረው አይኑረው እንዲሁ። እነዚህን ቢነግሩን ሕያው ማስረጃነታቸው ጥቂት ይጠነክር ነበር። ደንጊ ይዟቸው ከነበረ አይጂጂ የተባለው መከላከያ ዛሬም ደማቸው ውስጥ አለ፤ ለዓመታት ይቆያልና። መንገድ ሲያገናኘን ደማቸውን ሰጥተውኝ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ናሙናውን ወደሚመረመርበት አደርስላቸዋለሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ወስደው ከሆነ ብቻ አስቀድመው ይንገሩኝ።